በሰባተኛው ኩርባ ምንም አልሆነም

መኪናው በጎኑ ወድቋል፤ ዳቦው አስፋልቱን ሞልቶታል። ከምድጃ ከወጣ ብዙ ስላልቆየ በዝናቡ ውስጥ እንፋሎት ያወጣ ነበር። ሹፌሩን ከእኛ ቀድመው የደረሱ መንገደኞች ከጋቢናው አውጥተው ለአምቡላንስ አስረክበውታል። ቁርስ ሳልበላ ስለወጣሁ የዳቦው ሽታ ሆዴን አስጮኸው፤ አፈርኩ።

«ፍጥነት ነው» አለ ሳጅኑ ገና ከመኪና ሳይወርድ። «ዝናብ፣ ቁልቁለት፣ ፍጥነት። በቃ፣ መዝገቡን መዝጋት ነው።»

ሳጅኑ እንዲህ ነው። የወንጀሉ ቦታ ሳይደርስ ጥፋተኛውን ይይዛል። አብረን በሠራንባቸው ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ልክ ሆኖ አያውቅም፤ ተስፋ ቆርጦም አያውቅም። ለዚህ ነው የምወደው።

«እስቲ ቀና በል» አልኩት። «ሰሌዳውን አየኸው?»

ከሰባተኛው ኩርባ ቀደም ብሎ ረጅም ብረት ላይ የተሰቀለ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ አለ። መንገዱ ሲረጥብ በራሱ ጊዜ ይበራና «መንገዱ ያንሸራትታል፤ በሰዓት 40» ይላል። በዚህ መንገድ በተመላለስኩ ቁጥር እየበራ ስለሚያዘገየኝ ስንቴ እንደረገምኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ ሰማዩ ተቀዶ እየወረደ ሰሌዳው ጨልሟል።

የመንገድ ቢሮው የጥገና ሠራተኛ መሰላሉን ተሸክሞ መጣ። የሰሌዳውን ሳጥን ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው።

«ሰሌዳው ጤነኛ ነው» አለኝ። «ያልነገሩትን ከየት ያምጣ? የሚነግረው ዓይኑ ነው።»

ዓይን የሚሉት በመንገዱ ዳር ምሰሶ ላይ የተገጠመ፣ ጡጫ የሚያህል ሴንሰር ነው። በመስታወቱ አስፋልቱን ቁልቁል እያየ ደረቅ ይሁን እርጥብ ለመቆጣጠሪያ ክፍሉ ይናገራል። ሠራተኛው መሰላሉን አስደግፎ ወጣና ጎንበስ ብሎ አየው።

«ምን አገኘህ?»

«ኮፍያ አድርጓል፣ ኢንስፔክተር።»

የሚያሾፍ መስሎኝ ነበር። አውልቆ ሲያቀብለኝ ግን እውነትም ኮፍያ ነው። ከጥቁር ሰው ሠራሽ ቆዳ በልክ ተቆርጦ የተሰፋ፣ ከታች በላስቲክ የሚጨበጥ። ገለበጥኩት። ውስጡ የመነጽር መጥረጊያ በመሰለ ለስላሳ ጨርቅ ተገብሯል፤ ገበሩም በቀይ ክር ጥቅጥቅ ተደርጎ ተሰፍቷል። ዓይኑ ይህን ካደረገ በኋላ ጎርፍ ቢመጣም የሚያየው የደረቀውን ጨርቅ ብቻ ነው።

«ሆን ተብሎ ነው» አለ ሳጅኑ። «ጠላት አለ።»

«ጠላት መስታወቱ እንዳይጫር ገበር ያደርጋል?»

  ኮፍያውን በላስቲክ ከረጢት አሽጌ በመኪናው የፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

*

የትራፊክ መቆጣጠሪያው ክፍል በስክሪን የተሞላ፣ ሰው የሚንሾካሾክበት ክፍል ነው። ዝናብ መለኪያው፣ የነፋሱ፣ የአስፋልቱ ሙቀት፣ መኪኖች በምን ፍጥነት እንደሚያልፉ ከመንገዱ ሥር የሚለካው ሽቦ፣ ሁሉም ወሬውን ወደዚህ ይልካል። አንዲት ባለሙያ ይህን ሁሉ አዋህዶ «በሚቀጥለው ሰዓት አደጋ ሊደርስ የሚችለው እዚህ ቦታ ነው» የሚል ፕሮግራም ሠርታለች። ሰሌዳዎቹን የሚያበራው እሱ ነው። ባልደረቦቿ ጠንቋይዋ ይሏታል፤ ግማሹ በፍቅር፣ ግማሹ በሹፈት።

ኃላፊው ግን ከሷ በፊት ወደ ቢሮው አስገባኝና በሩን ዘጋ።

«ሰባተኛው ኩርባ ላይ ሰው ይጎዳል ብላ በስብሰባ መሀል ተነስታ ነግራናለች» አለ። «ይኸው ሰው ተጎዳ። እኔ ትንቢት አላምንም። እርስዎ ያምናሉ?»

«ራሷ ሸፈነችው ነው የሚሉኝ?»

«እኔ ምንም አላልኩም። ግን ውጤቷ መጥፎ ነው፤ በግምገማው ማግስት ልትሰናበት ትችላለች። ሊባረር የደረሰ ሰው ምን እንደሚያደርግ እርስዎ ከኔ ይበልጥ ያውቃሉ።»

ውጤቷ እንዴት እንደሚታይ ጠየቅሁት። አስረዳኝ፤ ማስረዳት የሚወድ ሰው ነው። አስጠንቅቃ አደጋ ከደረሰ ልክ ነች። አስጠንቅቃ አደጋ ካልደረሰ ተሳስታለች፤ ስህተት ይጻፍባታል። በዝናቡ ወራት ደግሞ ሰባተኛው ኩርባ ላይ በየቀኑ ታስጠነቅቅ ነበር።

«ታዲያ ምን ሆነ?» አለና እጆቹን ዘረጋ። «ዛሬ ምንም አልሆነም። ነገ ምንም አልሆነም። ከነገ ወዲያም ምንም አልሆነም።»

«ሹፌሮቹ ሰሌዳውን አይተው ቀስ ስላሉ ቢሆንስ?»

«እሱን የምንሞላበት ዓምድ የለንም» አለ። ክፋት አልነበረበትም። ዓምድ ስለሌለው ነገር ማሰብ ያልለመደ ሰው ነው።

ጠንቋይዋ ሹራቧ ከሷ የሚሰፋ፣ ዓይኖቿ እንቅልፍ የራባቸው ሴት ናት። ስገባ ከወንበሯ ተነሳች።

«ሹፌሩ እንዴት ነው?» አለችኝ ከሰላምታው በፊት። ኃላፊው ይህን አልጠየቀኝም ነበር።

«ዳሌውና እግሩ ተሰብሯል። ይተርፋል።»

ለመቀመጥ ዘወር ስል ያዘችኝ። «እዚያ አይቀመጡ፣ የዚያኛው እግሩ ይከዳል። የኔ ላይ ይሁኑ።» ወንበሯ ላይ ወፍራም ትራስ ነበረበት። «ወገቤን ሲያመኝ አይቶ አባቴ ነው የሰፋልኝ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ የማይሰፋልኝ ነገር የለም።» ተቀመጥኩበት፤ ይመቻል። እያወራን ከጠርዙ የወጣች ክር በጣቴ እየጠመዘዝኩ ቆየሁ።

የጠዋቱን ውጤት በስክሪኑ አሳየችኝ። በሰባተኛው ኩርባ ዝናብ መለኪያው ሞልቷል፤ ዓይኑ ግን «ደረቅ» ይላል።

«ሲጣሉ ፕሮግራሙ ማንን ያምናል?»

«ዓይኑን። እዚያ ነፋሱ ዝናቡን ወደ ገደሉ ስለሚወስደው መለኪያው ብዙ ጊዜ ይዋሻል። ዓይኑን እንዲያምን ያደረግሁት እኔ ነኝ።» ድምጿ ወረደ። «ስለዚህ በኔ ነው።»

ሳጅኑ ማስታወሻውን አወጣ። «ትናንት ማታ የት ነበርሽ?»

«እስኪመሽ እዚህ። ከዚያ ቤት፣ ከአባቴ ጋር።»

«ከአባትሽ ሌላ ምስክር አለሽ?»

«አባቴ ይበቃል። መዋሸት አይችልም። ሊዋሽ ሲል ያስለዋል።» ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ትንሽ ሆኜ 'መርፌው አያምም' ሲለኝ እየሳለ ነበር። በሳሉ ነበር ማልቀስ የምጀምረው።»

ውጭ ስንወጣ ሳጅኑ በእርግጠኝነት ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «እሷ ናት አለቃ። ትንቢቷን ራሷ ፈጸመችው።»

ልቤ ባይቀበለውም ሐሳቡን መጣል አልቻልኩም። ምክንያት ነበራት። ምሰሶው የት እንዳለም፣ ዓይኑ ምን እንደሚያይም ከሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

*

ከሰዓት በኋላ ወደ ጭነት መኪኖች ማቆሚያው ሄድን። እዚያ ንፋሱ የሚባል ሹፌር አለ። ሰሌዳው በርቶ ስላዘገየው ወርዶ ድንጋይ የወረወረበት፣ በዚህም የተቀጣ ሰው ነው። ሳጅኑ በመንገድ ላይ ሐሳቡን ለውጦ ነበር።

«ይሄ ነው አለቃ። ስሙ ራሱ ይናገራል።»

ንፋሱ ጎማው ሥር ተንጋሎ እየሠራ ነበር። ጭንቅላቱን ብቻ አወጣ።

«ሰድቤዋለሁ። ድንጋይም ወርውሬያለሁ፤ ስቼዋለሁ እንጂ። ዓይን የምትሉትን ግን ዛሬ መስማቴ ነው። ዓይን እንዳለው ባውቅ ፊት ለፊት ነበር የምሰድበው።»

«ትናንት ማታና ዛሬ ጠዋትስ?»

«ክብደት መመዘኛው ጋ ተሰልፌ። መቶ ሰው ጠይቂ፣ እህቴ። መቶውም ተሰልፎ ሲሰድብ ነበር።»

እውነቱን እንደሆነ ያወቅሁት ጋቢናውን ስከፍት ነው። የሹፌሩ ወንበር ተቀዶ ስፖንጁ ወጥቷል፤ እሱንም በገመድ ጠፍሮ አስሮታል። የራሱን መቀመጫ በገመድ የሚያስር ሰው ለሴንሰር ገበር ያለው ኮፍያ አይሰፋም። ይህን ለሳጅኑ ስነግረው የንፋሱን ስም ከማስታወሻው ሰረዘ። ለሱ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በማግስቱ ጠንቋይዋ ራሷ ደወለችልኝ። ስደርስ ፊቷ ተለዋውጧል።

«ኮፍያው የትናንት አይደለም» አለች። «የዝናብ መለኪያውንና የዓይኑን ወሬ ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁት። አንድ ወር ገደማ ዓይኑ 'እርጥብ' ብሎ አያውቅም። ሌሎቹ ኩርባዎች ሁሉ ሲረጥቡ እንኳ።»

ሳጅኑ ማስታወሻውን አየ። የሁሉንም ሰው የትናንት ማታ ውሎ እየጠየቀ ገጽ ሙሉ ጽፎ ነበር። ቀስ ብሎ ገለበጠው።

«አንድ ወር ሙሉ እንዴት ሳታዪው ቀረሽ?» አልኳት።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ስህተት የምንፈልገው ከበሩት ሰሌዳዎች ነው። ያልበራውን ማን ያያል?» ሹራቧን በእጇ ጨበጠች። «እውነቱን ልንገርዎት። ሰባተኛው ኩርባ ጸጥ ሲል ደስ አለኝ። ስህተት አይጻፍብኝም ብዬ። ለምን ጸጥ አለ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ፈራሁና አልጠየቅሁም።»

ያን ጊዜ ኃላፊው በሩ ላይ ቆመ። ሰምቷል።

«አንድ ወር?» አለ። «እና አላየሁም ትላለች?» ወደኔ ዞረ። «ከሰኞ ጀምሮ ሰሌዳዎቹን ሁሉ አጠፋለሁ። እሷም ምርመራው እስኪያልቅ ከሥራ ታግዳለች። በሕግ እንድትጠየቅ እፈልጋለሁ።»

«እኔን አግደኝ» አለች ጠንቋይዋ፤ ለራሷ ስትለምን ያልሰማሁት ድምፅ ነበር። «ሰሌዳዎቹን ግን አታጥፋቸው። ዝናቡ ገና አላበቃም።»

«ዓይናቸው ማንም ሊሸፍነው የሚችል ከሆነ ማን ያምናቸዋል?» አለ። ይህ እንኳ ሞኝነት አልነበረም። ዓይኑን የሸፈነውን ሰው ካላገኘሁ እሷም ሰሌዳዎቿም ያበቃላቸዋል።

*

ከኩርባው በታች አንድ ጎሚስታ አለ። በመጀመሪያው ቀን ጠይቀነው ማንንም አላየሁም ብሎን ነበር። የጠየቅነው ስለዚያች አንድ ሌሊት ብቻ ነበርና አልዋሸም።

«ከአንድ ወር በፊት አካባቢስ?» አልኩት። «ምሰሶው ጋ የወጣ ሰው?»

ጎማውን ውኃ ውስጥ እየነከረ አሰበ። «አንድ የመንገድ ቢሮ ሰው መጥተው ነበር። አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ፣ ሽማግሌ። መሰላል ይዘው።»

«ሽማግሌ?»

«አዎ። እንዲህ ያሉ ሰውዬ ላይ ያወጣሉ ብዬ አዝኜ መሰላሉን ያዝኩላቸው። መጀመሪያ መሐረብ አውጥተው መስታወቱን ጠረጉት፤ እንደ ሕፃን አፍንጫ፣ ቀስ አድርገው። ከዚያ የሆነ ነገር አለበሱት። ከብርድ ነው ሲሉኝ ሳል ያዛቸው። ውኃ ሰጠኋቸው።»

ሳሉን ያኔ ማያያዝ ነበረብኝ። ግን ሳጅኑ ወዲያው ገባበት።

«የቀን ሠራተኛ ቀጥራ ነው» አለ። «እሷ ናት፣ ተመልሻለሁ።»

ከዚያ ሆስፒታል ሄድን፤ የዳቦ ሹፌሩ ቃሉን መስጠት ችሏል ተብሎ። ወጣት ነው፤ እግሩ በጀሶ ተጠቅልሎ በትራስ ላይ ተሰቅሏል። የመጀመሪያ ጥያቄው ዳቦው ምን ሆነ የሚል ነበር።

«ለምን አልቀነስክም?» አልኩት። «ዝናቡን እያየኸው።»

«ሰሌዳው አልበራም» አለ። «ሁልጊዜ እዚያ ስደርስ ሰሌዳውን ነው የማየው። ሲበራ እየተሳደብኩም ቢሆን እቀንሳለሁ። ካልበራ መንገዱ ይይዛል ማለት ነው ብዬ ሄድኩ። ዝናቡንማ አይቼዋለሁ፤ ከራሴ ዓይን ይልቅ እሱን ለምጄ ነው።»

እየጻፍኩ ዓይኔ እግሩ ያረፈበት ትራስ ላይ ወደቀ። የሆስፒታል ትራስ አልነበረም። በእግሩ ልክ መሀሉ ጎድጎድ ተደርጎ የተሰፋ ነው፤ በላይ ጥቁር ሰው ሠራሽ ቆዳ፣ እግሩ የሚነካው በኩል ለስላሳ ጨርቅ።

«ይህን ማን ሰጠህ?»

«አንድ ሽማግሌ። አላውቃቸውም። ትናንት መጡ፣ እግሬን በዓይናቸው ለኩት፣ ዛሬ ጠዋት ይዘውት መጡ። ማን ልበልዎት ስላቸው 'ሰፊ ነኝ' ብቻ አሉኝ። ሳይቀመጡ አልቅሰው ሄዱ።»

ጠርዙን በጣቴ ገለጥ አደረግሁት። ክሩ ቀይ ነበር። ያን ጊዜ ጣቴ ከራሴ ቀድሞ አስታወሰ። በጠንቋይዋ ወንበር ላይ ተቀምጬ የጠመዘዝኳት ክርም ቀይ ነበረች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። መርማሪ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። እኔ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሳጅኑ ውኃ ላምጣ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

*

የጠንቋይዋ አባት ሱቅ መኪና የሌላቸው የመኪና ወንበሮች የተደረደሩበት ጠባብ ክፍል ነው። ሽማግሌው ስፌት መኪናው ላይ አጎንብሰው ነበር። ስንገባ ሥራቸውን አላቋረጡም፤ መስመሩን እስከ ጫፍ ሰፍተው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቆያችሁብኝ» አሉ። «ተቀመጪ ልጄ። ያኛው ይመችሻል።»

ኮፍያውን አውጥቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

«አባባ፣ ለምን ቀይ ክር?»

«ዓይኔ ደክሟል። ጥቁር ላይ ጥቁር አይታየኝም። ቀይ ካልሆነ ስፌቴ ይንጋደዳል።» ኮፍያውን አንስተው አገላበጡት፤ በልማድ የስፌቱን ጥንካሬ በአውራ ጣታቸው ሞከሩት። ከዚያ ምን እንደያዙ ትዝ ሲላቸው መልሰው አስቀመጡት።

«እንዴት ሆነ?»

«አንድ ማታ መጥታ ሳትበላ ተኛች። ምን ሆንሽ ስላት 'ሰባተኛው ኩርባ ሊያስባርረኝ ነው' አለችኝ። ሰሌዳው በበራ ቁጥር፣ ምንም ካልሆነ ስህተት ይጻፍባታል አሉ። እኔ ምኑን አውቄ! ካልበራማ አይጻፍባትም ብዬ አሰብኩ። አንድ ጊዜ ወስዳ ዓይኑን አሳይታኛለች፤ 'ልጄ ናት' እያለች ነው የምታሳየኝ። መጠኑን በዓይኔ ይዤዋለሁ። እቤት ከተሰቀሉት ሰደርያዎቿ አንዱን ለበስኩና ሄድኩ።»

«ሰው ይጎዳል ብለው አላሰቡም?»

መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «ዝናብ ዓይን ላለው ሰው ይታያል ብዬ። ግምገማው ሲያልፍ አወልቀዋለሁ ብዬ።» ወደ ስፌት መኪናው ዞሩ። «ያ ልጅ እግሩ... እኔ ነኝ የሰበርኩት። ትራሱን ጨርሼለት እመጣላችኋለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ደግሞ ከባለቤቱ ለምኜ ያመጣሁትን የሱን መኪና ወንበር ልጨርስ ብዬ። እያመካኘሁ ነው መሰለኝ።»

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የሷ ነገር በሙሉ በዚህ ላይ ነበር።

«ልጅዎ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም።»

ጠበቅሁ። ሳጅኑም እንደኔ አፋቸውን እያየ ጠበቀ። ሽማግሌው አልሳሉም።

ልጅቷን አስቀድሜ ደውዬ ጠርቻት ነበር። ደንቡ ይህን አይፈቅድም፤ የአባቷን ነገር ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማ ግን አልፈለግሁም። በሩ ላይ ስትደርስ ኮፍያውን አየች፣ ቀዩን ክር አየች፣ ማንም ምንም ሳይላት ገባት።

«አባዬ፣ ምንም አትናገር። ጠበቃ እስኪመጣ ዝም በል።»

«ነግሬያቸዋለሁ።»

«ለምን?»

«አንቺ ነሽ የሸፈንሽው እያሉ ነው አሉ።»

«ይበሉኛ!» አለች። ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። «ሰው ሊሞት ነበር፣ አባዬ። ለኔ ብለህ ሰው ሊሞት ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

መሬት ላይ ተቀመጠችና ግንባሯን ጉልበታቸው ላይ ደፋች። እሳቸውም ፀጉሯን ሊነኩ እጃቸውን ዘርግተው፣ ይገባኛል ወይ እንደሚል ሰው አየር ላይ አቆዩት። ቆይቶ ራሷ ይዛ ጭንቅላቷ ላይ አስቀመጠችው። ሳጅኑ ውጭ ወጣ፤ መኪናውን ልይ ብሎ፣ ዓይኑን እየጠረገ።

ቀና ስትል ዓይኗ ውስጥ ሌላ ነገር ነበር። ሐሳብ ሲመጣላት እንዲህ ናት መሰለኝ፤ እንባዋን እንኳ አልጠረገችም።

«መቼ ነው ያለበስከው? ቀኑን ታስታውሳለህ?»

«እንዴት አላስታውስ። የልደትሽ ማግስት ነው።»

ወደኔ ዞረች። «ከመንገዱ ሥር ያለው ሽቦ አልተሸፈነም። የመኪኖቹን ፍጥነት ወሩን ሙሉ ሲመዘግብ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት ዝናብ ሲዘንብ እንዴት ይገቡ ነበር፣ ከዚያ በኋላስ? ዝናቡ ያው ዝናብ፣ ኩርባው ያው ኩርባ፤ የተለየው ሰሌዳው ብቻ ነው። ማንም ፈቅዶ የማያደርገውን ሙከራ ነው አባቴ ያደረገው።» ከዚያ ቆም አለች። «ግን ይህን ባሳያቸው የማሳያቸው ያንተን ጥፋት ነው። ከነቀኑ።»

«አሳዪያ» አሉ ሽማግሌው። «በደንብ አድርገሽ አሳዪ። ጥፋቴ ለአንድ ነገር እንኳ ይጥቀም።»

*

ኃላፊው ቢሮ ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር አስቀመጠችለት። ሰሌዳው ይበራ በነበረበት ዝናብ መኪኖቹ ከኩርባው ቀደም ብለው ፍጥነት ይቀንሳሉ። ዓይኑ በተሸፈነበት ዝናብ እንደ ደረቅ ቀን ይበርራሉ፤ ኩርባው መሀል ሲደርሱ ነው ፍሬን የሚይዙት። የዳቦው ሹፌር የመጀመሪያው አልነበረም፤ ሌሎቹ ለጥቂት ተርፈው ነው የሄዱት። ኃላፊው መነጽሩን አድርጎ አየ፣ አውልቆ አየ።

«ለዚህ ዓምድ የለንም» አለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ልንሠራለት ነው እንግዲህ» አለ። ሰኞ ሰሌዳዎቹ አልጠፉም። እሷም ወደ ወንበሯ ተመለሰች፤ ትራሱን ግን ማስረጃ ነው ብዬ ወስጄባታለሁ። ሥራዬን አንዳንድ ጊዜ እጠላዋለሁ።

ሽማግሌውን ጉዳያቸው ወደሚታይበት ከተማ የወሰድናቸው እኔና ሳጅኑ ነን። ከኋላ ከጎኔ ተቀምጠዋል፤ የጨረሱትን የዳቦ መኪናውን ወንበር በመንገዳችን ለባለቤቱ አድርሰናል። ሹፌሩ በሳጅኑ በኩል መልእክት ልኮላቸው ነበር።

«'እግሬ ሲድን መጥቼ በደንብ እሰድብዎታለሁ። እስከዚያ ትራሱን አልመልስም' ብሏል» አላቸው ሳጅኑ።

«ይስደበኝ። ይምጣ ብቻ» አሉ።

«ፈርተዋል፣ አባባ?» አልኳቸው።

«ኧረ አልፈራሁም» አሉና አሳላቸው።

እጃቸውን ያዝኩ። ሕጉ ስለዚህ የሚለው ነገር ይኖር ይሆናል፤ አልጠየቅሁም።

ቁልቁለቱን ስንጀምር ማካፋት ጀመረ። ገና መስታወቱን እንኳ በደንብ ሳያረጥብ ሰሌዳው ቦግ አለ። «መንገዱ ያንሸራትታል፤ በሰዓት 40።» ሳጅኑ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ። ከፊታችን የጭነት መኪና ነበር፤ የኋላ መብራቱ ቀላ፣ ከመስኮቱም አንድ እጅ ወጥቶ በሰሌዳው ላይ በብስጭት ተወራጨ። ንፋሱ ነው። እየተሳደበም ቢሆን ቀነሰ። ከሱ ፊት ያለው አውቶቡስም፣ ከኛ ኋላ ያሉትም ሁሉም ቀነሱ፤ ተከታትለን ሰባተኛውን ኩርባ በዝግታ ዞርን። አውቶቡሱ ውስጥ አንዲት ሴት መስኮቱን ተደግፋ ተኝታለች፤ አልነቃችም።

ሽማግሌው ሰሌዳው ከዓይናቸው እስኪጠፋ ዞረው ያዩ ነበር። ከዚያ ወደፊት ተመለሱ።

«ምን ሆነ?» አሉኝ።

«ምንም አልሆነም፣ አባባ።»

«ምንም አልሆነም» አሉ ቀስ ብለው። እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙት። «የልጄ ሥራ እኮ ነው።»